መሐመድ አሚን፦ ከኮረሙ ምስል ጀርባ የነበረው ሰው

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ከሰሜን ኢትዮጵያዋ ኮረም ስለ ረሃቡ የመጣ አንድ ዘገባ አሳየ። የሚሰማው ድምፅ የጋዜጠኛው የማይክል በርክ ነበር። እስከ ዛሬም ያ ዘገባ ሲነሳ ብዙው ሰው የሚጠራው የበርክን ስም ነው፤ በቴሌቪዥን የሚታወሰው የሚናገረው ነውና። ምስሉን ያነሳው ግን ሌላ ሰው ነበር። መሐመድ አሚን ይባላል፤ ባልደረቦቹ «ሞ» እያሉ የሚጠሩት፣ ዘሩ ከፑንጃብ የሚመዘዝ የናይሮቢ ተወላጅ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ትስስር በኮረም አላበቃም። አንድ እጁን ያጣው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ሕይወቱ ያለፈውም ከቦሌ በተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው።

የዓለም አቀፍ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የእሱን ያህል የሚጠቅም ታሪክ አላውቅም። ተመልካች የሚያየው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ ማይክ የያዘ ሰው፣ ከጀርባው ጭስ ወይም ሰልፍ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ግን ረጅም ነው። ቪዛ አለ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አለ፣ ዕቃን ከጉምሩክ ማስለቀቅ፣ መኪና ወይም አውሮፕላን ማግኘት አለ፤ ተቀርጾ ካለቀ ደግሞ ፊልሙን ሳይነጠቁ ከአገር ማውጣት አለ። ጥሩ ካሜራማን ብዙ ነው። በሰዓቱ ቦታው ላይ ደርሶ፣ የቀረጸውን ይዞ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። መሐመድን ከብዙዎቹ የለየውም ይኸው ይመስለኛል። ዓይኑ ጥሩ ነበር፤ እግሩ ግን ከዓይኑም ይበልጥ ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1943 በናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ያው ኢስትሌይ። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የምሥራቅ አፍሪካን የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት እንግሊዞች ከሕንድ፣ በተለይም ከፑንጃብ ብዙ ሠራተኛ አምጥተው ስለነበር በኬንያና በታንጋኒካ ከተሞች የባቡር ሥራና የፑንጃብ ቤተሰብ አብረው የሚጠሩ ነገሮች ነበሩ። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ተዛወረ። እዚያ፣ በልጅነቱ፣ አሮጌ የቦክስ ብራውኒ ካሜራ ገዛ። ብራውኒ ማለት እንደ ሳጥን ያለ፣ እምብዛም ማስተካከያ የሌለው፣ ማንም ሊያነሳበት የሚችል ርካሽ ካሜራ ነው። ገና ተማሪ ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካን የመኪና እሽቅድምድም እያነሳ ለጋዜጦች መሸጥ ጀመረ። ፎቶ ማንሳትና መሸጥ ለእሱ ከመጀመሪያው የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም። በ20 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ። እስኪሞት ድረስም የድርጅቱ ባለቤት እሱ ነበር። ደመወዝተኛ ሳይሆን ነጋዴ ጋዜጠኛ ሆኖ መኖሩ በኋላ ለመጣው ብዙ ነገር ምክንያት ነው።

ለማን ነበር የሚሸጠው? እዚህ ላይ ስለ ዜና ወኪል ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በየአገሩ ካሜራማን ማስቀመጥ አይችልም፤ ወጪው አይቻልም። ስለዚህ ምስሉን ከወኪል ይገዛል። ወኪሉ እንደ ጅምላ ነጋዴ ነው። ከየቦታው ምስል ይሰበስባል፣ ለመቶዎች ጣቢያዎች ያከፋፍላል፣ ጣቢያዎቹ ደግሞ በየራሳቸው ቋንቋና ድምፅ ያቀርቡታል። ከእነዚህ ወኪሎች ትልቁ የለንደኑ ቪስኒውስ ነበር፤ ቢቢሲ፣ ሮይተርስና የኮመንዌልዝ አገሮች ጣቢያዎች በጋራ የያዙት፣ በኋላ ሮይተርስ ቴሌቪዥን የሆነው ድርጅት ማለት ነው። መሐመድ ለቪስኒውስ ይሠራ ነበር። ስሙ በተመልካች ዘንድ ሳይታወቅ ምስሉ ግን በየአገሩ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቶኪዮም ሆነ ሌጎስ ያለ ሰው ከምሥራቅ አፍሪካ ዜና ካየ የመሐመድን ቀረጻ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነበር፤ የሚሰማው ግን የአገሩን ዜና አንባቢ ነው።

ሥራው በፊልም በሚሠራበት ዘመን ፍጥነት ማለት አውሮፕላን ማለት ነበር። የተቀረጸው ፊልም በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ ወደ አየር ማረፊያ ይሮጣል። ለጭነት ክፍል ይሰጣል፤ ካልሆነም ለአንድ ተሳፋሪ ወይም ለበረራ ሠራተኛ አደራ ይባላል። ለንደን ሲደርስ ሞተረኛ ተቀብሎ ወደ ማጠቢያ ክፍል ያደርሰዋል። ስለዚህ ካሜራማኑ የበረራ ሰዓቶችን በቃሉ ማወቅ አለበት፤ የአየር ማረፊያ ሠራተኞችን በስም ማወቅ አለበት። አንድ በረራ ያመለጠው ሰው ዜናውን ለተፎካካሪው አስረከበ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናው ዛንዚባር ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1964 በደሴቲቱ አብዮት ተነሳ፤ ሱልጣኑ ሸሹ፣ ብዙ ሰው ተገደለ። የ20 ዓመቱ መሐመድ ያን ቀረጸ፤ በዚያው ወር በዳሬሰላም የተነሳውንም የወታደሮች አመፅ ቀረጸ። ዛንዚባር ግን ኋላ ዋጋ አስከፈለችው። በ1966 እዚያው ተይዞ ወደ አንድ ወር ገደማ ታሰረ፣ ተሠቃየ፤ ሲፈታም ተባሮ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኬንያ ሄደ። የደሴቲቱ መንግሥት የምሥራቅ አገሮች ለሠራዊቱ የሚሰጡትን ሥልጠና ማንም እንዲያይበት አይፈልግም ነበር፤ መሐመድ ደግሞ ያን ቀርጿል።

መባረሩ ሳይጠቅመው አልቀረም። በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ለዜና ሥራ ከአካባቢው ከተሞች ሁሉ የተመቸች ነበረች። ስልኩ ይሠራል፣ ወደ አውሮፓ በየቀኑ ማለት ይቻላል በረራ አለ፣ ኤምባሲዎችና የውጭ ዘጋቢዎች ተሰብስበውባታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1969 ታዋቂው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ በጥይት ተመቱ። መሐመድ ከማንም ቀድመው ከደረሱት አንዱ ነበር፤ ሐኪሞች ሰውየውን ለማትረፍ ሲታገሉ ቀረጸ። በዚያ ሥራ በእንግሊዝ የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራማን ተብሎ ተሸለመ። አስተያየቴን ብጨምር፣ ያ ሽልማት የሚያሳየው የምስሉን ጥራት ብቻ አይደለም። በከተማው ውስጥ «እንዲህ ሆነ፣ ቶሎ ድረስ» ብሎ የሚደውልለት ሰው እንዳለው ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ከኢዲ አሚን ጋር የተያያዘ ነው። ጄኔራሉ እ.ኤ.አ. ጥር 1971 ሥልጣን ሲይዝ፣ በ1972 የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ ከኡጋንዳ ይውጡ ብሎ ሲያዝ መሐመድ ቀርጿል። ራሱ የእስያ ተወላጅ ለሆነ ሰው ሻንጣቸውን ይዘው የሚባረሩ ቤተሰቦችን መቅረጽ እንደ ሌላው ሥራ ብቻ እንዳልነበረ መገመት አይከብድም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢዲ አሚን በ1979 ሸሽቶ ሲሰወር ዓለም ሁሉ የት እንዳለ ይጠያየቅ ነበር። በ1980 የቢቢሲው ብራያን ባሮንና መሐመድ ጅዳ፣ ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ አገኙትና ቃለ መጠይቅ ሠሩ። ዘጋቢው ጥያቄውን አዘጋጅቶ ሊመጣ ይችላል፤ በር የሚያስከፍተው ግን ዓመታት የፈጀ ትውውቅ ነው።

በሳዑዲ የነበረው ትውውቅ ቀድሞ የተጀመረ ነበር። ሙስሊም በመሆኑ መካ መግባት ይችላል፤ ይህን ዕድል ተጠቅሞ ሐጅን ቀረጸ፣ እ.ኤ.አ. በ1978ም የመካ ጉዞን በፎቶ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በዝተዋል፤ ቱርካና ሐይቅ፣ ፓኪስታን፣ ኬንያ፣ የዱር እንስሳት። ጽሑፉን ብዙ ጊዜ የሚሠራለት ብራያን ቴትሊ የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። ይህን ስም ያዙት።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። ከ77 ድርቅ በፊት በአገራችን የቴሌቪዥን ምስል ያደረገውን ሳያነሱ የ77ቱን መረዳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ በእንግሊዝ ታየ። ደርግ በበኩሉ ያን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያቀላቀለ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ስለዚህ የረሃብ ምስል መንግሥትን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከደርግ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዚያው መሣሪያ ነበር ሥልጣን ላይ የወጣው።

አሥር ዓመት አለፈና ሌላ መስከረም መጣ። አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) ምሥረታ ለማክበር በቅስቶችና በባንዲራ አሸብርቃለች። በሰሜን ወሎና በትግራይ ደግሞ ሕዝቡ ከየቀዬው ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ዳር፣ ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ ይተም ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ሆነው፣ ለለጋሽ አገሮች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ሰሚ ግን አልነበረም። በእንግሊዝ ቴሌቪዥንም ስለ ኢትዮጵያ ድርቅ ቀደም ሲል በሐምሌ 1976 ዓ.ም. ዘገባ ታይቶ የእርዳታ ጥሪ ተደርጓል። ዛሬ «ዓለም ምንም አያውቅም ነበር፣ ድንገት በጥቅምት ነቃ» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ዓለም ሰምቷል፤ አላየም ቢባል ይሻላል።

በጥቅምት መሐመድ፣ በርክና የቢቢሲ ሬዲዮው ማይክ ውልድሪጅ አዲስ አበባ ገቡ። መጀመሪያ ወደ ሰሜን መሄድ አይቻልም ተባሉ። ጦርነት አለ፤ በዓሉም ገና ከማለፉ ነው። እዚህ ላይ ነው የመሐመድ እግር የሠራው። ደጅ ጠና፣ ተከራከረ፣ ተደራደረ፤ በመጨረሻ ፈቃዱም ተገኘ፣ ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት አውሮፕላንም ተገኘ። ወደ መቀሌ፣ ከዚያም ወደ ኮረም ሄዱ። በዘገባቸው መሠረት ኮረም ዙሪያ ወደ 40,000 ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን ማለዳ የተቀረጸው ነው ዓለም ያየው።

ያን ቀረጻ አሁን ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ካሜራው አይቸኩልም። ሜዳው ላይ ጭጋጉና የእሳቱ ጭስ ተቀላቅሎ፣ ሰው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከመሬት ሲነሳ ያሳያል፤ ከዚያ ወደ አንድ ፊት ይጠጋና እዚያው ይቆያል። የዜና ካሜራማን ልማዱ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው፤ አራት ሰከንድ እዚህ፣ አምስት ሰከንድ እዚያ፤ አርታኢው ቆርጦ እንዲቀጥለው። መሐመድ እዚህ ተመልካቹ ዓይኑን እንዳያሸሽ አድርጎ ነው የያዘው። ድምፁም አለ፦ ሳሉ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ፣ የእናቶች እንጉርጉሮ። በርክም ይህን አውቆ ይመስላል ጽሑፉን ያሳጠረው፤ ብዙ ቦታ ዝም ይላል። በመቀሌ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችውን ክሌር በርትሺንገርን ሲያነጋግሯት ደግሞ ከብዙ ሕፃናት ውስጥ የትኞቹ ምግብ እንደሚያገኙ መምረጥ የእሷ ዕጣ መሆኑን ተመልካቹ ሰማ። ለብዙ እንግሊዛዊ ከሁሉ የከበደው ያ ነበር ይባላል።

ካሴቶቹ በአውሮፕላን ለንደን ገቡ። ቢቢሲ ለአንድ ዜና የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ለዚህ ወደ 7 ደቂቃ ሰጠ። በአሜሪካ ያለው ታሪክ ደግሞ ለየት ያለ ነው። የኤንቢሲ ጣቢያ የኒው ዮርክ አለቆች መጀመሪያ አልፈለጉትም ነበር፤ የምርጫ ዘመቻ ላይ ናቸው፣ የአፍሪካ ረሃብ ደግሞ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። የለንደኑ ኃላፊያቸው ግን ዝም ብሎ በሳተላይት ላከላቸው። ሲያዩት ክፍሉ ጸጥ አለ ይባላል፤ በዚያው ምሽት ቶም ብሮካው አቀረበው። ቪስኒውስ ሲያከፋፍለው ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዳሳዩት፣ ወደ 470 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተገምቷል። የቪዲዮ ካሴትና ሳተላይት በአሥር ዓመት ውስጥ ያመጡት ለውጥ ይህ ነው፤ የዲምብልቢ ፊልም በወራት የሄደውን መንገድ ይህኛው በአንድ ቀን ሄደ።

የቀረውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን ቤቱ ተቀምጦ አየ፤ በኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች፣ በጥር የአሜሪካ ዘፋኞች ለእርዳታ ዘፈን ቀረጹ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤድ በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህል እያመጡ ከአየር ላይ ጣሉ። ከሶቪየት እስከ ፖላንድ ድረስ የምሥራቁ ወገንም ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ላከ። በላይቭ ኤድ መድረክ በዘፈን ታጅቦ የታየው፣ ብዙዎች የመሐመድ የሚመስላቸው ፊልም ግን የካናዳው ሲቢሲ ነው፤ ብራያን ስቲዋርት የተባለው ዘጋቢና ባልደረቦቹ የሠሩት። ምስል በዓለም ላይ ሲዞር ባለቤቱ ይጠፋል።

ስለዚህ ዘገባ በጎውን ብቻ መናገር ግን አይበቃም። የብዙ መቶ ሺህ ሰው ሕይወት አልፏል፤ ግምቱ ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ዘገባው ድርቁን አሳይቷል፤ ጦርነቱን ግን በጎን ብቻ ነካው። መንግሥት በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚያካሂደው ዘመቻ፣ ገበያ በአየር መደብደቡ፣ መንገድ መዘጋቱ፣ እህል ወደ ሽምቅ ተዋጊዎች አካባቢ እንዳይገባ መደረጉ ረሃቡን ምን ያህል እንዳባባሰ አሌክስ ደ ዋልን የመሰሉ አጥኚዎች በኋላ በሰፊው ጽፈዋል። በኮረም ይሠሩ የነበሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞች የመንግሥትን የሠፈራ ፕሮግራም አፈጻጸም በመቃወማቸው በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባርረዋል። ካሜራው የቆመው መንግሥት በሚቆጣጠረው ቦታ፣ በመንግሥት ፈቃድ ነው። የገባው እንዲገባ የተፈቀደለትን አየ። ይህን የመሐመድ ጥፋት አላደርገውም፤ ከቦታው ባይደርስ ኖሮ ከነጭራሹ የሚታይ ነገር አልነበረም። ግን ፈቃድ የዜናውን ድንበር እንደሚያሰምር ማወቅ ለተመልካች ይጠቅማል፤ ዛሬም ቢሆን ከጦርነት ቀጣና የሚመጣን ምስል ስናይ «ማን አስገባቸው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ አይደለም።

ሌላም አለ። እነዚያ ፊቶች ስም አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲሉ ከአፋቸው ሳይወጣ የሚመለስላቸው የረሃብ ወሬ ነበር፤ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ግቢ ይህን ተሸክመው አድገዋል። አንድ ምስል ሰውን ሲያድን፣ ያዳነውን ሰው ደግሞ ለአርባ ዓመት በአንድ ቀን ላይ ቸንክሮ ያቆየዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጣፋውም።

መሐመድ ራሱ ኢትዮጵያን በዚያ ብቻ አልተዋትም። ድርጅቱ ካሜራፒክስ የኢትዮጵያ አየር መንገድን መጽሔት «ሰላምታ»ን ያሳትም ነበር። በዚያ ዘመን በአየር መንገዱ የበረረ ሰው ከፊቱ ካለው ኪስ አውጥቶ ያገላበጠው፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ስሜን ተራራ፣ የጥምቀት ሰልፍ ያለበት ያ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ከናይሮቢ የሚመጣ ነበር። ስለ አገሪቱ የጉዞ መምሪያና የፎቶ መጽሐፍም አሳትሟል። ኮረምን የቀረጸው እጅ የቱሪስት ኢትዮጵያንም መሸጡ ሰዎችን ሲያስገርም አያለሁ። እኔን አያስገርመኝም፤ ሰውየው ነጋዴም ነበር፣ አገሩንም ያውቀው ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ መሐመድና በርክ እንደገና እዚህ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ሌሊት፣ በከተማው ያለ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። በመዲናዋ የነበረ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። የዜና ሰው የሚሮጠው ሌላው ወደሚሸሽበት ሳይሆን ወደሚሸሸው ነገር ነውና እሳቱን ለመቅረጽ ሄዱ። እዚያ ሳሉ ሌላ፣ ከፊተኛው እጅግ የበለጠ ፍንዳታ ተነሳ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። መሐመድ ግራ እጁን አጣ።

ማታይ ኬንያዊ ነበር፤ የካሜራፒክስ ሰው። ስለ ዓለም አቀፍ ጋዜጠኞች ሲወራ የእሱን መሰል ስሞች ቶሎ ይረሳሉ፤ ድምፅ የሚቀዳው፣ ሾፌሩ፣ አስተርጓሚው። የውጭው ዘጋቢ በሳምንቱ ይመለሳል፣ እነሱ እዚያው ይኖራሉ። ከአደጋው ሲያመልጡም ሽልማቱ ላይ አይጠሩም።

ለካሜራማን እጅ ማጣት ሥራን ማጣት ነው ተብሎ ይታሰባል። መሐመድ አሜሪካ ሄዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠመ፤ ካሜራውም ከአዲሱ እጅ ጋር እንዲሄድ ተስተካከለለት። በወራት ውስጥ ወደ ሥራ ተመለሰ። ሰውየውን የሚያውቁት እንደሚሉት ፀባዩ ቀድሞም አስቸጋሪ ነበር፤ ለሌሎች ድካም ብዙም ርኅራኄ የለውም፣ ከሚሠራበት ሰዓት ውጭ ሌላ ሰዓት ያለው አይመስልም። ቤተሰቡም የዚህን ዋጋ ከፍሏል። ልጁ ሳሊም አሚን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አባቱ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ይህን አልደበቀም፤ አድናቆቱንም የአባቱን አለመኖርም አብሮ አሳይቷል። ብዙ የጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ ይህን ገጽ ይዘለዋል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. መሐመድና ብራያን ቴትሊ አዲስ አበባ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በበረራ ቁጥር 961 ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ነው፤ 175 ሰው ይዟል። ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን የአብራሪዎቹን ክፍል ጥሰው ገብተው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ መንገድ የተሞላ እንጂ ለአውስትራሊያ እንደማይበቃ ደጋግሞ አስረዳቸው። አላመኑትም። ይህ ዓይነት አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል የሚገልጸውን የአየር መንገዱን መጽሔት አውጥተው አሳዩት። መጽሔቱ ታዲያ ካሜራፒክስ የሚያሳትመው «ሰላምታ» ነበር። የሚበርበት ሰዓት ከሚሞላው ነዳጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን አልተረዱትም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም።

ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት መሐመድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መቀመጫው ላይ አልነበረም፤ ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። ካፒቴን ልዑልና ረዳቱ ዮናስ መኩሪያ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት፣ ሆቴል ባለበት ዳርቻ አጠገብ ባሕር ላይ ለማሳረፍ ሞከሩ። ክንፉ ውኃውን ነክቶ ተሰባበረ። 50 ሰው ተረፈ፤ 125 ሞተ። መሐመድና ቴትሊ ከሞቱት ውስጥ ናቸው። መሐመድ 53 ዓመቱ ነበር። አውሮፕላኑ ባሕሩን ሲመታ የሚያሳየው ቪዲዮ በዚያ ሳምንት በየአገሩ ታየ፤ የቀረጹት ለሽርሽር የመጡ ቱሪስቶች ናቸው። ዛሬ ማንኛውም ሰው ስልኩን አውጥቶ ዜና መቅረጽ በሚችልበት ጊዜ ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ በ1989 ዓ.ም. ግን ቱሪስት የዓለምን ዋና ዜና ሲቀርጽ ገና ብርቅ ነበር።

ካሜራፒክስን ሳሊም ተረክቦ ቀጠለበት። አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያነሳው ሁሉ፣ ፊልሙም ፎቶውም፣ ናይሮቢ ተቀምጧል፤ ከፎቶዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩት በቅርብ ዓመታት በጉግል የጥበብና ባህል ገጽ ላይ ማንም በነፃ እንዲያያቸው ተከፍተዋል። የኮረምን ምስል የሚፈልግ እዚያ ያገኘዋል። ከዚያ ምስል በፊትና በኋላ የተነሱትን፣ ዛንዚባርን፣ የምቦያን ቀብር፣ ኢዲ አሚንን በየመልኩ፣ ሐጃጆቹን ደግሞ አብሮ ማየት ይቻላል።